የገንዳው ግራፍ፦ ኢንቨርስ ሃይፐርቦሊክ ፋንክሽኖችን በሶፍትዌር ስንስል

 

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በምናደርገው ቲቶሪያል ላይ አንዲት የአንደኛ ዓመት እህት ላፕቶፗን ከፍታ አንድ ግራፍ አሳየችን። የኢንቨርስ ኮሽ ግራፍ ነው። በቀኝ በኩል ከ1 ተነስቶ እየወጣ ይሄዳል፤ እሱ ትክክል ነው። ከ−1 እስከ 1 ድረስ ግን ኤክስ አክሲስ ላይ ተኝቷል። ከ−1 ወደ ግራ ደግሞ እንደገና ይወጣል። ባጭሩ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ይመስላል። መጽሐፉ ላይ ያለው የቀኙ ክንድ ብቻ ነው። «የተሳሳተው መጽሐፉ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?» ብላ ጠየቀች።

ሳቄ መጣ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ። እኔም ይህንኑ ገንዳ ስዬ አስረክቤያለሁ። ይባስ ብሎ ከሥሩ «ግራፉ እንደሚያሳየው ፋንክሽኑ ለዋይ አክሲስ ሲሜትሪክ ነው» የሚል ማብራሪያ ጽፌበታለሁ። ማርኩ የሄደው በግራፉ ሳይሆን በማብራሪያው ነው፣ ሐቁም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ገንዳው ከየት እንደመጣ፣ ትክክለኛው ግራፍ እንዴት እንደሚሳልና ነገሩ ከማርክ አልፎ የት የት እንደሚነካን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሳይን ሃይፐርቦሊክ፣ ባጭሩ ሳይንሽ፣ የ«ኢ ፓወር ኤክስ» እና የ«ኢ ፓወር ነጌቲቭ ኤክስ» ልዩነት ለሁለት ሲካፈል ነው። ኮሽ የሁለቱ ድምር ለሁለት ሲካፈል ነው። ታንሽ ሳይንሽ ለኮሽ ሲካፈል ነው። ከሲኬላ ወደ ሴቻ ስትወጡ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ረገብ ብሎ የተንጠለጠለውን የመብራት ሽቦ አይታችሁ ከሆነ የኮሽን ቅርጽ አይታችኋል። በራሱ ክብደት የሚንጠለጠል ሽቦ ቅርጹ ፓራቦላ ይመስላል እንጂ ኮሽ ነው።

ኢንቨርስ ማለት ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ኮሽ «ኤክስ ይህን ያህል ቢሆን ከፍታው ስንት ነው?» ይላል፤ ኢንቨርስ ኮሽ «ከፍታው ይህን ያህል ከሆነ ኤክስ ስንት ነበር?» ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ነገር አለ። ከፋንክሽኑ ስም ትከሻ ላይ የሚቀመጠው −1 ፓወር አይደለም። ኢንቨርስ ሳይንሽ «1 ለሳይንሽ ሲካፈል» ማለት አይደለም፤ ያኛው ኮሴክ ሃይፐርቦሊክ የሚባል ሌላ ፋንክሽን ነው።

ሃይፐርቦሊኮቹ ከኢ ስለተሠሩ ኢንቨርሶቻቸው ከሎጋሪዝም ይሠራሉ።

ኢንቨርስ ሳይንሽ = ኤል ኤን(ኤክስ + √(ኤክስ² + 1))፣ ለማንኛውም ኤክስ
ኢንቨርስ ኮሽ = ኤል ኤን(ኤክስ + √(ኤክስ² − 1))፣ ኤክስ 1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን
ኢንቨርስ ታንሽ = ½ ኤል ኤን((1 + ኤክስ)/(1 − ኤክስ))፣ ኤክስ በ−1 እና በ1 መካከል ሲሆን

በስተመጨረሻ ያለው «ሲሆን» የቀመሩ ግማሽ ነው። ለፈተና ስናጠና የምንዘለውም እሱን ነው። ኮሽ ከ1 በታች ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ «ኮሹ ግማሽ የሆነ ኤክስ ማነው?» ለሚል ጥያቄ ከሪያል ቁጥሮች መካከል መልስ የለም። በዚያ ላይ ኮሽ ለ2ም ለ−2ም አንድ ዓይነት ከፍታ ስለሚሰጥ፣ ኢንቨርሱ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው የግራውን ክንድ ትተን ቀኙን ብቻ ለመውሰድ ተስማምተናል።

ታዲያ ማትላብ ገንዳውን ከየት አመጣው? ማትላብና ኦክታቭ ስለ ኮምፕሌክስ ቁጥር አስቀድመው ያውቃሉ። የ0.5ን ኢንቨርስ ኮሽ ብትጠይቁት «የለም» አይላችሁም፤ 0 + 1.0472 አይ ይላችኋል። በኮምፕሌክስ ዓለም ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ከ−1 እስከ 1 ባለው ክፍል የሁሉም መልስ ሪያል ክፍሉ 0 ነው። ለ−3 ደግሞ 1.7627 + 3.1416 አይ ይሰጣል። 1.7627 የ3 ኢንቨርስ ኮሽ ነው፣ የቀረው ፓይ ነው። አሁን እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሥዕል ትእዛዙ ስትልኳቸው ሪያል ክፍላቸው ብቻ ይሳላል፤ ኢማጂነሪው ይጣላል። ማትላብ ኢማጂነሪውን ችላ ማለቱን በማስጠንቀቂያ ጽፎ ይነግራችኋል፣ ግን ሥዕሉ በሌላ መስኮት አምሮ ሲወጣ ማን ወደ ማስጠንቀቂያው ይመለሳል? ጠፍጣፋው ወለል ዜሮዎቹ ናቸው፣ የግራው ግድግዳ ፓይ የተጣለበት የቀኙ ግድግዳ ነው። መጽሐፉም ኮምፒውተሩም አልተሳሳቱም። የጠየቅነው ሌላ፣ የተመለሰልን ሌላ ነው።

ፓይተን ላይ ነምፓይን ብትጠቀሙ ነገሩ ይለያል። ለተራ ሪያል ቁጥሮች ከዶሜይን ውጪ «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት ያስቀምጣል፣ ግራፉም እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ይሆናል። ኤክሴል የስህተት ምልክት ያወጣል። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂኦጀብራም የሪያሉን ክንድ ብቻ ነው የሚስለው። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላሁ አዕለም» ብለው ኪታቡን ይዘጉ ነበር። ኢማሙ ማሊክም (ረሒመሁላህ) ብዙ ጥያቄ ቀርቦላቸው ለአብዛኛው «ላ አድሪ»፣ አላውቅም፣ ማለታቸው በዑለማው ዘንድ የታወቀ ነው። ነምፓይ «ላ አድሪ» የሚለው ተማሪ ነው። ማትላብ ከተጠየቀው በላይ የሚያውቅ ግን ጥያቄው የቱ እንደሆነ የማይጠይቅ ተማሪ ነው። ይህን ስል ማትላብን ለማጣጣል አይደለም። ኮምፕሌክስ መልሱን የሚፈልጉ የኤሌክትሪካል ወንድሞቻችን ከነምፓይ ይልቅ እሱን ያመሰግናሉ።

ወደ አሳሳሉ እንግባ። ማትላብ በላፕቶፓችሁ ከሌለ ኦክታቭ ነፃ ነው፤ አቅሙ ደከም ባለ ኮምፒውተርም ይሠራል፣ ትእዛዛቱም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የፋንክሽኖቹ ስም በሁለቱም ላይ ከሃይፐርቦሊኩ ስም ፊት ኤ የምትለውን ፊደል መቀጠል ብቻ ነው። ነምፓይ ላይ «አርክ» ይቀጠላል።

ዋናው ዘዴ ለሦስቱም አንድ የኤክስ መደዳ አለመጠቀም ነው። ሊንስፔስ በሚባለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ የየራሱን መደዳ ሥሩለት፦ ለኢንቨርስ ሳይንሽ ከ−5 እስከ 5፣ ለኢንቨርስ ኮሽ ከ1 እስከ 5፣ ለኢንቨርስ ታንሽ ከ−0.999 እስከ 0.999። የታንሹን ልክ 1 ላይ አታድርሱት፤ እዚያ መልሱ ኢንፊኒቲ ነው። 1 እና −1 ላይ ቀጥ ያሉ የተቆራረጡ መስመሮች አስምሩ፣ አሲምፕቶቶቹ እነሱ ናቸው። ነጥቦቹ 50 ብቻ ከሆኑ ኢንቨርስ ኮሽ 1 አጠገብ የተሰበረ ይመስላል፤ ከ1 ሲነሳ ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ 500 ወይም 1000 ነጥብ ስጡት። ከዚያ ሃይፐርቦሊኩንና ኢንቨርሱን በአንድ ሥዕል ላይ ደርባችሁ «ዋይ = ኤክስ» የሚለውን መስመር ጨምሩ። የሁለቱ አክሲሶች መለኪያ እኩል እንዲሆን ማዘዝ አትርሱ። ያን ጊዜ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ሆኖ ይታያችኋል። መለኪያው እኩል ካልሆነ መስታወቱ ይንጋደድና ትክክለኛው ግራፍ ራሱ የተሳሳተ ይመስላችኋል።

«ቀመሩን ስለማውቅ ራሴ በኤል ኤን እጽፈዋለሁ» የሚል ወንድም አይጠፋም። ይቻላል፣ መደዳ ሲካፈልና ፓወር ሲነሳ ከምልክቱ ፊት ነጥብ ማድረግን ካልረሳችሁ። ግን አንድ ሙከራ አድርጉ፦ የነጌቲቭ 100 ሚሊዮንን ኢንቨርስ ሳይንሽ በቀመሩ አስሉት። ኤክስ² + 1 በኮምፒውተሩ አቅም ከኤክስ² አይለይም፤ ሥሩ 100 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከነጌቲቭ 100 ሚሊዮን ጋር ሲደመር 0፤ የ0 ኤል ኤን ነጌቲቭ ኢንፊኒቲ። ትክክለኛው መልስ −19.11 ነው። አብሮ የተሠራው ፋንክሽን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ እሱን ተጠቀሙ።

የኢንቨርስ ታንሹ ወጥመድ ከኮሹ ይከፋል። መደዳውን ከ−5 እስከ 5 ብታደርጉት ማትላብ ከ1 ውጪ ባለው ክፍል የሚስለው ሪያል ክፍል ራሱን የቻለ የሌላ ፋንክሽን ግራፍ ነው፤ የኢንቨርስ ኮታንጀንት ሃይፐርቦሊክ። ለ2 የሚሰጠው 0.5493 + 1.5708 አይ ሲሆን፣ 0.5493 በትክክል የ2 ኢንቨርስ ኮታንጀንት ሃይፐርቦሊክ ነው። ገንዳው ቢያንስ ያስደነግጣል፤ ይህኛው ግን መጽሐፍ ውስጥ ያለ ትክክለኛ ቅርጽ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም።

ይህ ለምን ከማርክ በላይ ይነካናል? ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 ዓ.ም. ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ዛሬም ከመካከላችን ብዙዎች ሃይድሮሊክስ ይማራሉ። የውሃ ሞገድ ፍጥነት ከታንሽ ጋር የተሳሰረ ነው። የፍጥነቱ ስኩዌር፣ የመሬት ስበት ሲባዛ በሞገዱ ርዝመት ለ2ፓይ ተካፍሎ፣ ያ ደግሞ በታንሽ ሲባዛ ነው። ታንሹ ውስጥ ያለው 2ፓይ ሲባዛ በጥልቀቱ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል ነው። ስለዚህ ፍጥነቱንና ርዝመቱን ከለካን ጥያቄውን ገልብጠን በኢንቨርስ ታንሽ ጥልቀቱን ማግኘት እንችላለን።

አባያ ላይ ነን እንበል። በሞገድ ጫፍና ጫፍ መካከል ያለው ርቀት 20 ሜትር ነው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር። ኢንቨርስ ታንሽ ውስጥ የሚገባው ቁጥር 0.80 ይሆናል፤ ጥልቀቱ 3.5 ሜትር። ፍጥነቱ 5.5 ቢሆን 0.969፣ ጥልቀቱ 6.6 ሜትር። 5.58 ቢሆን 0.997፣ 10.4 ሜትር። አሁን ሰዓት ያዡ ጥቂት አሳስቶ 5.6 ጻፈ እንበል። የሚገባው ቁጥር 1.004 ነው። ከዶሜይን ወጣን። ማትላብ ግን 9.78 + 5 አይ ይላል፤ ሪያሉን ብቻ ወስዳችሁ ከሳላችሁ ወይም ሠንጠረዥ ውስጥ ካስገባችሁ 9.78 ሜትር ጥልቀት ተመዘገበ ማለት ነው።

እስቲ ይህን ቁጥር ማን ይጠረጥረዋል? የአባያ ከፍተኛ ጥልቀት በጥናቶች ላይ 13 ሜትር ገደማ ተብሎ ነው የተመዘገበው። 9.78 ከዚያ ውስጥ ነው፣ ከጎረቤቱ ከ10.4ም አይርቅም። 400 ሜትር ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንስቅ ነበር። ነምፓይ እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ይተው ነበር፤ ባዶውም ነው እውነቱ። ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ሞገድ ውሃው የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን በሰከንድ ከ5.59 ሜትር በላይ አይሄድም። ጥልቀቱ ከሞገዱ ግማሽ ርዝመት፣ ማለትም ከ10 ሜትር፣ ሲያልፍ ሞገዱ ወለሉን መኖሩንም አያውቅም። ግራፉን ብትስሉት 1 አጠገብ እንደ ግድግዳ ሲነሳ ታያላችሁ። ግድግዳው የሚለው «እዚህ አካባቢ በመለኪያው ላይ የገባች ትንሽ ስህተት ጥልቀቱን በሜትሮች ታዛንፋለች፤ በዚህ ሞገድ ጥልቀት አትለኩ» ነው።

ኢንቨርስ ሳይንሽ ዶሜይኑ ቁጥር ሁሉ ስለሆነ እንዲህ ያለ ወጥመድ የለበትም። ግራፉ ትክክል ሆኖም ግን ከእሱ የሚወጣው መልስ ለሌላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የመረጥኩት ምሳሌ ቂብላ ነው። አንድ ወንድም በስልኩ ካርታ ላይ ከአርባ ምንጭ እስከ ካዕባ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ «ቂብላው ይህ ነው አይደል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር።

ስልካችን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ካርታዎች የመርካተር ፕሮጀክሽን ናቸው። መርካተር ካርታውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1569 ነው፤ ቀመሩን ግን አላስቀመጠም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ራይት በ1599 ባሳተመው ሥራ ሠንጠረዡን በብዙ ጥቃቅን ድምር አስልቶ ሰጠ። ዛሬ በአንድ ትእዛዝ ነው፦ አንድ ላቲቲዩድ በካርታው ላይ ከኢኳተር የሚኖረው ከፍታ የላቲቲዩዱ ታንጀንት ኢንቨርስ ሳይንሽ ነው። ከ−85 እስከ 85 ዲግሪ ሳሉት፤ ዲግሪውን ወደ ሬዲያን መቀየር እንዳይረሳ። እኛ ባለንበት በኢኳተር አካባቢ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል፣ ወደ ዋልታዎቹ ሲጠጋ ያመልጣል።

አርባ ምንጭ በግምት 6.03 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.55 ምሥራቅ ላይ ናት። ካዕባ 21.42 ሰሜን፣ 39.83 ምሥራቅ። የካርታ ከፍታቸው 0.1054 እና 0.3829 ነው፤ ልዩነቱ 0.2775። የሎንጂቲዩድ ልዩነታቸው በሬዲያን 0.0397። የወንድማችን መስመር ስለዚህ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 8.1 ዲግሪ ያዘነብላል። በምድር ሉል ላይ አጭሩን መንገድ በሚሰጠው ስሌት፣ ማለትም ቂብላ በተለምዶ በሚሰላበት፣ ስናሰላው 7.9 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ የዲግሪ ሁለት አሥረኛ ነው፤ የስልካችን ኮምፓስ ብረት ያለበት ግድግዳ አጠገብ ከዚህ በላይ ይሳሳታል። ወንድማችን ሶላቱ አያሳስበው።

ያው መስመር ግን ለዋሺንግተን አይሠራም። እዚያ ያለ ኢትዮጵያዊ ወንድማችን በካርታው ላይ ቢያሰምር ወደ 100 ዲግሪ ያገኛል፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ያዘነበለ። የሉሉ ስሌት 56.6 ዲግሪ ይሰጣል፣ ሰሜን ምሥራቅ። ከ43 ዲግሪ በላይ ልዩነት! አርባ ምንጭና መካ በአንድ ሎንጂቲዩድ ላይ ለመሆን ትንሽ ስለቀራቸው ነው ሁለቱ መንገዶች እኛ ዘንድ የተገጣጠሙት። ካርታው ቋሚ የኮምፓስ አቅጣጫን እንዲጠብቅ ተሠራ እንጂ አጭሩን መንገድ እንዲያሳይ አልተሠራም። አል-ቢሩኒ በ416 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1025) በጨረሱት «ተሕዲድ» በሚባለው ኪታባቸው የጋዝናን ቂብላ ያሰሉት በሉሉ ጂኦሜትሪ ነው፤ ያውም ካልኩሌተር በሌለበት።

ስሌቱን በእንጨት ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ ግንቦት 20 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 9 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ፀሐይ ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች፤ ሰዓታችን ከሳዑዲ ጋር አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። ደመና ከሌለ ሜዳ ላይ አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላው 28 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ግርጌ የሚሄደው አቅጣጫ ቂብላ ነው።

ለሚመጣው ቅዳሜ ሁለት ሥራ ይዛችሁ ኑ። አንደኛው የኢንቨርስ ሴክ ሃይፐርቦሊክ ግራፍ ነው፤ ነምፓይ ላይ በዚህ ስም የሚጠራ ፋንክሽን ስለሌለ ከኢንቨርስ ኮሽ አውጡት፣ ዶሜይኑንም ከመሳላችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ። ሁለተኛው የገመድ ነው፦ አንድ ገመድ ቅርጹ 20 ሲባዛ በኮሽ(ኤክስ/20) ነው፣ በሜትር። ገመዱ ከዝቅተኛ ነጥቡ 5 ሜትር ከፍ የሚለው በአግድም ስንት ሜትር ላይ ነው? መልሱ 20 ሲባዛ በኤል ኤን 2፣ ማለትም 13.86 ሜትር ነው። ማትላብ ላይ ሪያሉ 0 ከወጣላችሁ የዝቅተኛውን ነጥብ 20 ሜትር ሳትደምሩ 5ን ብቻ አስገብታችኋል።